እሳተ ገሞራን ከሩቅ ማዳመጥ ለምትፈልጉ ልጆች

ጂኦፊዚክስ የምትማሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «አፋር ላይ በቂ መሣሪያ ሳይኖረን እሳተ ገሞራን እንዴት እንከታተል?» ትላላችሁ። እኔ የምላችሁ፦ እያንዳንዱ ተራራ ሥር መሣሪያ እስኪተከል አትጠብቁ። ከሩቅ ማዳመጥን ልመዱ።

ናብሮን እንውሰድ። ተራራው ኤርትራ ውስጥ፣ እኛ ድንበር አጠገብ ነው ያለው። ከ2003 ዓ.ም. በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ ስለማያውቅ ማንም ዓይኑን አልጣለበትም ነበር። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ፈነዳ፣ ሰው ሞተ፣ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለ ሕዝብም ተፈናቀለ። አዲስ አበባ የነበሩት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን በአመዱ ምክንያት ጉብኝታቸውን አሳጥረው ሄዱ። የሚገርመው ግን መጀመሪያ ላይ የፈነዳው ጎረቤቱ ዱቢ ነው ተብሎ ነበር! የትኛው ተራራ እንደሆነ እንኳ ወዲያው አልታወቀም።

ድምፁ ግን ተመዝግቧል። ጅቡቲ፣ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ኢንፍራሳውንድ የሚቀዳ ጣቢያ አለ። ኬንያ ያለው ደግሞ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለቱም የተተከሉት የኑክሌር ሙከራን ለሚያግደው ስምምነት ቁጥጥር ነው፤ ሁለቱም ናብሮን ሰምተውታል።

ኢንፍራሳውንድ ከ20 ኸርዝ በታች ያለ፣ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ነው። አየሩ ቶሎ ስለማይውጠው ሩቅ ይሄዳል። ጣቢያው ውስጥ ቢያንስ አራት ሴንሰሮች ተራርቀው ይቀመጣሉ። በሁለቱ መካከል አንድ ኪሎ ሜትር ካለ፣ ድምፁ በዚያው መስመር ሲመጣ አንዱ ጋ ደርሶ ሌላው ጋ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኮምፒውተር ላይ አራቱን መስመሮች ደርድራችሁ ስታዩ ያው አንድ ቅርጽ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይታያል፣ ከዚያች መዘግየት ነው ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ የምታወጡት። እኔ ይህን ሥራ እስካሁን አልጠገብኩትም።

አሁን ዋናው ምክሬ ይምጣ። ከእሳተ ገሞራው በፊት ነፋስን ተማሩ። ብዙዎቻችሁ ስለ ማግማ (ከመሬት በታች ስላለው ቅልጥ ድንጋይ) ለማወቅ ትቸኩላላችሁ፣ ይህ ሥራ ግን የሚበላሸው በነፋስ ነው። ሴንሰሩን የሚረብሸው የመሬት ነፋስ ነው፤ ለዚህ ሲባል ነው ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ዙሪያውን ተዘርግተው ግፊቱን የሚያማክሉት። የላይኛው ነፋስ ሌላ ጣጣ አለው። ስትራቶስፌር በሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ውስጥ ነፋሱ እንደ ወቅቱ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ድምፁን አንዱ ጣቢያ ጋ ያደርሰዋል፣ ሌላው ጋ ያስቀረዋል። ወደ ምድር ወገብ ስንጠጋማ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። ስለዚህ ጣቢያው ዝም አለ ማለት ተራራው ዝም ብሏል ማለት አይደለም። በዝግታ የሚፈስ ላቫም ብዙ ድምፅ የለውም።

ድምፅ መንገድ ላይም ይቆያል። ከናብሮ ኬንያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። አመድ ውስጥ ለሚገባ አውሮፕላን ይህ ረጅም ጊዜ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. አላስካ ላይ ሬዳውት የተባለው እሳተ ገሞራ አመድ የአንድ ኬኤልኤም (የኔዘርላንድስ አየር መንገድ) አውሮፕላን አራቱንም ሞተሮች አጥፍቷል፤ ደግነቱ ተመልሰው ተነሱ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ የመንን አልፎ ሕንድ ድረስ ሄዷል። ቅርብ ጣቢያ ያስፈልገናል የምለው ለዚህ ነው፤ ሳተላይትና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያም አብረው መሥራት አለባቸው።

እስከዚያው ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ልመዱ። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ስለሆነች የጣቢያዎቹን መረጃ ለምርምር መጠየቅ ይቻላል። የናብሮን ሌሊት ጠይቁና ከጅቡቲ አንድ፣ ከኬንያ አንድ የአቅጣጫ መስመር ካርታ ላይ አስምሩ። መስመሮቹ ልክ ተራራው ላይ ካልተገናኙ በስንት ዲግሪ እንደሳቱ ለኩ፣ ከዚያ የዚያን ሳምንት የላይኛውን ነፋስ አውጡና አስተያዩ።