የአያት ቡና ልጁን እስከ 5 ሰዓት ሲያቆየው

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ወር ሆኖታል። ቀን ሁለቴ ይተኛል፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ማታ እስከ 5 ሰዓት አልተኛም ብሎ ሲፈነጭ ያመሻል። እኔ በነጋታው ሥራ አለኝ። የከሰዓቱ ይቅር ስል፣ የባለቤቴ እናት «ልጅ የሚያድገው በእንቅልፍ ነው» ይሉኛል። 10 ሰዓት ላይ ቡና ሲያፈሉ አዝለውት እዚያው ይተኛል። 12 ሰዓት ስገባ ገና መንቃቱ ነው። ባለቤቴ «በመሃላችሁ አታስገቡኝ» ይላል። አሁን እኔና እሱም መነታረክ ጀምረናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ሙቀጫው ነው። አያቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ቡና ሲወቀጥ የማይተኛ ልጅ የት አለ? ጀርባቸው ይሞቃል፣ አንቀልባው ጥብቅ አድርጎ ይዞታል፣ ዘነዘናው በወረደ ቁጥር እሹሩሩ ነው። እኔም ብሆን እተኛለሁ።

ልጅሽ ምንም አልሆነም። አብዛኞቹ ልጆች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የቀን እንቅልፋቸው ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ቢተኛ ይበቃዋል፤ የቀኑም ተደምሮ ማለት ነው። ስለዚህ አያቱ ልክ ናቸው። አንቺም ልክ ነሽ። የማትግባቡት ሰዓቱ ላይ ብቻ ነው። እንቅልፍ እንደ ረሃብ ነው፤ 11 ሰዓት ላይ ዳቦ የጠገበ ልጅ እራት ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እስከ 12 ሰዓት የተኛ ልጅም ማታ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ አይርበውም።

«ከነገ ጀምሮ ከሰዓት እንቅልፍ የለም» ማለት ግን አያዋጣም። ድካም ከልክ ሲያልፍ የልጅ ሰውነት መረጋጋት ያቅተዋል። ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል። ያኔ አያቱ «አላልኩም?» ይሉሻል፤ መልስም አይኖርሽም።

መነካት ያለበት የጠዋቱ ነው። የ4 ሰዓቱን እንቅልፍ በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ወደፊት ግፉት። 4 ከሩብ፣ 4 ተኩል፣ እንዲህ እያላችሁ 6 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፤ የቀኑ እንቅልፍም ያ አንዱ ብቻ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ዓይኑን ማሸት ሲጀምር ደጅ ይውጣ፣ ብርሃን ይይ፣ ውኃ ይንካ። ምሳውን ወደ 5 ሰዓት ተኩል አምጡለት፤ አለበለዚያ ርቦት ቶሎ ይነቃል። በመሃል ጨርሶ የሚዝልባቸው ቀናት አሉ። ያኔ ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት 20 ደቂቃ ያህል ይተኛና ይቀስቀስ። ማታ ደግሞ 1 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ይሁን። ቀን 45 ደቂቃ ብቻ ከተኛ 12 ሰዓት ተኩልም ነውር የለውም።

እዚህ ላይ ልቆይ። 12 ሰዓት ገብተሽ 1 ሰዓት ላይ ካስተኛሽው፣ አብራችሁ የምትሆኑት አንድ ሰዓት ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። እስከ 5 ሰዓት መፈንጨቱ ያደክምሻል፤ ግን ቀኑን ሙሉ የናፈቅሽው ልጅ ነው፣ ሲስቅልሽም ደስ ይልሻል። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ቢኖር መጥፎ እናት አያሰኝሽም። የጠፋውን ሰዓት ጠዋት ፈልጊው። ልጁ በጊዜ ተኝቶ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነቃ አንቺም እንቅልፍ ጠግበሻል። ገላውን ያኔ እጠቢው፣ ገንፎውን ያኔ አብልጪው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቆይ።

እግረ መንገዴን፣ «ያስተኛዋል» ተብሎ የጉንፋን ሽሮፕ የሚሰጥበት ቤት አውቃለሁ። በፍጹም አይሞከር፤ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ነው። ልጁ ሁልጊዜ የሚያንኮራፋ ወይም ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን የሕፃናት ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ አማትሽ። ለምን እንደሚያዝሉት አስበሽ ታውቂያለሽ? 14 ወር ማለት መራመድ የጀመረ ልጅ ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የሚያዝሉት እንዳይቃጠል ነው። «አያዝሉት» ስትያቸው የሚሰሙት «ይቃጠል» የሚል ነው። ቢቆጡ አይገርምም።

ባለቤትሽን መልእክተኛ አታድርጊው። ራስሽ ንገሪያቸው፤ ማታ ተናደሽ ሳይሆን ቅዳሜ፣ ቡናው ተጠጥቶ ሁለተኛው ሲቀዳ። እሱም አጠገባችሁ ይቀመጥ። እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ እንደ እርስዎ የሚያስተኛው ሰው የለም። የቀትሩን እንቅልፍ ለእርስዎ ልተወው። 6 ሰዓት ላይ አዝለው ያስተኙልኝና አልጋው ላይ ያውርዱት። ቡናውን እሱ ተኝቶ ሳለ 7 ሰዓት ላይ ቢያፈሉትስ?»

«ጎረቤቶቼ የሚመጡት 10 ሰዓት ነው» ካሉም ችግር የለም። ቡናው በሰዓቱ ይፈላ። በቤት ሥራ የምታግዛቸው ልጅ ካለች እሷ፣ ወይም ሌላ ሰው፣ ልጁን ለዚያች አንድ ሰዓት ይዞት ደጅ ይውጣ፤ ረከቦቱ ሲነሳ ይመለሳሉ።