ፓፍ ከመላካችሁ በፊት እናታችሁን አስመርምሩ

ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሁሌ የምትጠይቁኝ ያው ነው፦ «እናቴ አዳማ ናት፣ አስሟ ጠንቶባታል፣ ምን ልላክላት?» እስቲ መላኩ ይቆይና ልንገራችሁ።

1. ወረቀት። መድኃኒት በሰው ስትልኩ የሐኪም ማዘዣውን አብራችሁ አድርጉ። በቃ።

2. ሰማያዊው ፓፍ። ውስጡ ያለው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን ቁጣ አያበርድም። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና፣ አዋቂ ሰው በሳልቡታሞል ብቻ መታከም የለበትም ካለ ቆየ፤ ከ2019 ጀምሮ ነው። አንዱ ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ጊዜ ይነፋል። በዓመት 3 እና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ የአስም ጥቃት ይበልጥ ይጋለጣል። 12 ከደረሰ የሞት አደጋውም ይጨምራል። እናንተ ግን በአንድ ሻንጣ ደርዘን ትጭናላችሁ። ተዉ!

3. አስም ብቻ ነው ወይ? ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። አክስቴ አዳማ ውስጥ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። ማድ ቤቷ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ወጣት እያለች ቲቢ ታክማ ነበር። አልጋዋ ሥር አመድ የተነሰነሰበት ጣሳ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ወፍራም አክታ ትተፋበታለች። ሁሉም «አስም ነው፣ የአዳማ አቧራ ነው» ይላል። ትንፋሿ ባጠረ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒን ይሰጣታል። ሲቲ ስካን የተነሳችው ከዓመታት በኋላ ነው። የአየር ቧንቧዎቿ ሰፍተው ተበላሽተዋል፤ ብሮንኪየክታሲስ ይሉታል። ያ ሁሉ ዓመት እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አስም ላይ ሌላ የሳንባ በሽታ ሲደረብ ጥቃቱ ይደጋገማል፣ ሆስፒታል መተኛት ይበዛል፣ ሳንባውም ቶሎ ይደክማል። የእንጨትና የከሰል ጭስ ሲጋራ ነክታ የማታውቅን ሴት እንኳን ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄድ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ያሲዛል። ቲቢ ድኖም ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ሕክምናቸው ደግሞ አንድ አይደለም። ብሮንኪየክታሲስ ያለበት ሰው አክታውን በየቀኑ ማውጣት አለበት፤ ኢንፌክሽን ሲነሳ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል። አስምና ሲኦፒዲ አብረው ካሉ፣ ቁጣውን የሚያበርደው፣ የሚሳበው ስቴሮይድ ቀርቶ ቧንቧ የሚከፍተው ብቻ ከተሰጠ አደገኛ ነው። ፕሬድኒሶሎን ሲደጋገም ስኳርና ግፊት ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። «አልሠራላትም፣ ይጨመርላት» እያላችሁ የምታሳዝዙት ይሄንን ነው!

ለሶፋና ለትልቅ ቲቪ የምትልኩትን ብር መጀመሪያ ለምርመራ አድርጉት። ኤክስሬይ፣ ስፓይሮሜትሪ (በመሣሪያ ውስጥ አስተንፍሶ የሳንባን አቅም የሚለካ ምርመራ)፣ የአክታ ምርመራ፤ ሐኪሙ ካዘዘ ሲቲ ስካን። አዳማ ያልተገኘ እንደሆነ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈጣን መንገድም አለ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙላት። መብራት የሚጠፋ ከሆነ ማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ ይሠራለት።

4. ስልክ ስትደውሉ «ደህና ነኝ ልጄ» ስትላችሁ አትዝጉ። «እማዬ፣ ጠዋት አክታ አለሽ? ቀለሙ ምንድን ነው? ድሮ የቲቢ መድኃኒት ወስደሽ ታውቂያለሽ?» በሏት። መልሷን ጽፋችሁ ሐኪም ዘንድ ለሚወስዳት ሰው ላኩለት። ፓፉንም በቪዲዮ እያያችኋት ትሳበው። ብዙ እናቶች ሳይስቡት ይጫኑታል፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ ስፔሰር ላኩላት፣ ፓፉ ላይ የሚገጠም፣ መድኃኒቱን ይዞ ቀስ ብላ እንድትስበው የሚያደርግ ቱቦ ነው፤ እሱ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።