ጥያቄና መልስ፦ ማንቲስ ሽሪምፕ ደሴ ላይ ይኖራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ቤቴ 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለኝ፤ ወርቃማ ዓሦች አሉበት። ሰሞኑን ቪዲዮ ላይ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለውን በቡጢ የሚማታ የባሕር እንስሳ አይቼ ፈዝዤ ቀረሁ። አጎቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ናቸው፤ «አንድ ላምጣልህ» ብለውኛል። መስታወት ይሰብራል የሚባለው እውነት ነው? ከዓሦቼ ጋር ይስማማል? ጨዉስ የሱቁ ይሆናል?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ አንተ የፈራኸው ሌላ፣ የሚያስፈራው ሌላ።

መስታወቱን ቶሎ ልጨርሰው። ማንቲስ ሽሪምፕ ሁለት ዓይነት ነው፤ ያደነውን የሚወጋ አለ፣ በቡጢ የሚቀጠቅጥም አለ። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ባለ ብዙ ቀለሙ ከሆነ ቀጥቃጭ ነው። እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ቡጢው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር፣ ግሬት ያርማውዝ ውስጥ አንዱ የማሳያ ገንዳውን መስታወት ሰብሯል። ስለዚህ ወሬው ከመሬት አልተነሳም፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም። የሚደበቅበትን የድንጋይ ዋሻ ከመስታወቱ ራቅ አድርገህ ሥራለት፣ ይበቃል።

ከዓሦችህ ጋር ማኖሩን ተወው። የእነሱ ውሃ ጨው የለውም፤ ባሕር ውሃ ውስጥ ከገቡ ማንም ሳይነካቸው ያልቃሉ። እሱም ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ጎረቤት አይወድም።

አሁን ወደ ጨዉ። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። የባሕር ውሃ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም ሌላም ሌላም አለው፤ እንስሳው ደግሞ ልብሱን እንደሚቀይር ሰው በየጊዜው ቅርፊቱን ጥሎ አዲስ ይሠራል፣ ያን ጊዜ ካልሲየም ካላገኘ አለቀለት። የሚያስፈልግህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ነው፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ። ላንተ ገንዳ 7 ኪሎ ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን ስትቀይር ደግሞ ሌላ 700 ግራም። ውሃው ተንኖ ሲጎድል ግን ጨው እንዳትጨምር! የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ቀርቷል። በንጹሕ ውሃ ሙላው።

ገንዳው እንስሳው ሳይገባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መብሰል አለበት። እርሾ እንደመጠበቅ ነው፤ ከቆሻሻው የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ትታገሣለህ። እኔ በጊዜዬ ይሄን አላውቅም ነበር፤ ስንት ዓሣ እንደፈጀሁ ባልነግርህ ይሻላል።

ደሴ ላይ ሁለት ነገር ይጨመርብሃል። አንደኛው ብርዱ ነው። ይሄ የሞቃት ባሕር ፍጥረት ነው፤ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ማሞቂያ ግድ ነው። ሁለተኛው ከፍታው። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጨውና ሙቀት ደግሞ የበለጠ ይቀንሱታል። የአየር ፓምፑ ለአፍታም መቆም የለበትም። መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ከሌለህ ነገሩን እርሳው። ኮምቦልቻ ብትሆን ብርዱም ከፍታውም ትንሽ ይቀልልህ ነበር፣ መብራቱ ግን ያው ነው።

መንገዱንም አስብ። የአፋር ሙቀት፣ የጭነት መኪና፣ የታሰረ ላስቲክ። ከሚሌ ወደ ባቲ ሲወጣ የታሸገ ብስኩት እንዴት እንደሚነፋ አጎትህን ጠይቃቸው፤ ላስቲኩም እንደዚያው ነው፣ በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ቡጢኛ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ይሻላል። ሕያው እንስሳ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ እንደሚጠየቅም አትርሳ፤ ሰውየውን ኬላ ላይ እንዳታስቆማቸው።

እጅህን ገንዳው ውስጥ አትክተት፤ ምግቡን በረጅም መቆንጠጫ ስጠው። ለዓሣ በሽታ የሚሸጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ ጠብታም አይግባበት፣ ይገድለዋል።

አጎትህን መጀመሪያ የምትለምናቸው እንስሳውን ሳይሆን ጨዉንና የጨው መለኪያውን ይሁን። ገንዳው ስድስት ሳምንት ሲሞላው የለካኸውን ቁጥር ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።