የዳክዬው ጫጩት መቆም ሲያቅተው፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ዳክዬ ጫጩት እግር ነው። ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ አቆይቼዋለሁ።

«በመፈልፈያ ማሽን ካስገባኋቸው እንቁላሎች አንዱ በ28ኛው ቀን ተፈለፈለ። ካርቶን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ዛሬ ሁለት ቀኑ ነው፤ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፍተው በሆዱ ተኝቷል። ጎረቤቴ አይድንም፣ ጣይው አለችኝ።» (ከቢሾፍቱ)

አይጣሉት! መጀመሪያ ጋዜጣውን ያንሱ። አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የጭኑ ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ጋዜጣ ያንሸራትተዋል፤ ለመቆም በሞከረ ቁጥር እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ውለው ሲያድሩም እንደተከፈቱ ይቀራሉ። በምትኩ ፎጣ ወይም የታጠበ ጆንያ ያንጥፉለት። የተመዘዘ ክር ጣቱን ሊያንቀው ስለሚችል ጠርዙን አጥፈው ይስፉት።

ቀጥሎ እግሮቹን ያስሩለታል። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ለስላሳ ፋሻ ይውሰዱና ከመታጠፊያው በታች አንዱን እግር አዙረው፣ መሃል ላይ ድልድይ ትተው፣ ሌላውን ያዙሩ። በመካከል የሚቀረው ርቀት ጤነኛ ጫጩት ሲቆም የሚኖረውን ያህል፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን። ፕላስተሩ በፋሻው ላይ እንጂ በቆዳው ላይ አይለጠፍ። እግሩ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ጠብቆበታልና ያላሉት። በየቀኑ ፈትተው ይመልከቱ፤ በጊዜ ከተጀመረ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃል። እስከዚያው እየወደቀ ይነሣልና የመጠጫ ዕቃው ውስጥ ጠጠር ይጨምሩ፤ ያለበለዚያ ሊሰጥም ይችላል። ሙቀቱም በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 32 ዲግሪ ይጠጋ።

«የሦስት ሳምንት ዳክዬዎቼ ጥቂት ተራምደው ይቀመጣሉ፤ መታጠፊያቸው አብጧል፣ እግራቸውም መጉበጥ ጀምሯል። የምመግባቸው የዶሮ ጫጩት መኖ ነው።» (ከባሕር ዳር)

ችግሩ መኖው ላይ ሳይሆን አይቀርም። ዳክዬ ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ3 ከዶሮ አብልጦ ይፈልጋል፤ በአንድ ኪሎ መኖ 55 ሚሊ ግራም ያህል። ለዶሮ የተመጠነ መኖ ይህን ላያሟላ ይችላል። የደረቀ የቢራ እርሾ ዱቄት ካገኙ በአንድ ኪሎ መኖ ከ50 እስከ 75 ግራም ይቀላቅሉ። ካላገኙ ከፋርማሲ ኒያሲን ገዝተው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም በአራት ሊትር የመጠጥ ውሃ ይበጥብጡ፣ ውሃውንም በየቀኑ ይለውጡ። ፉርሽካ ኒያሲን ቢኖረውም አብዛኛው ከቃጫው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይመኩበት። እናንተ ግን የጣና ዓሣ በደጃችሁ አለላችሁ፤ ቀቅለው፣ እሾሁን በደንብ ለቅመው፣ ጥቂት ጥቂት ይስጧቸው። የዳቦ እርሾ ሕያው ስለሆነ ሆዳቸው ውስጥ ይቦካልና አይሆንም።

በዚህ አጋጣሚ፣ ከደብረ ብርሃን «አተላስ?» ብለው ለጠየቁኝ፦ አልኮል ስላለበት ለጫጩት አይስጡ። የሻገተ ኦቾሎኒም እንዲሁ አይስጡ፤ የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን የዳክዬ ጫጩትን ያህል የሚጎዳው እንስሳ ጥቂት ነው።

«መዋኘት እግሩን ያጠነክርለታል?» (ከሐዋሳ)

አዎን፣ ውሃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ሳይወድቅ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው። በማሽን የተፈለፈለ ጫጩት ከእናቱ ላባ ቅባት ስላላገኘ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ወዲያው አድርቀው ወደ ሙቀቱ ይመልሱት።

«አንዱ እግሩ ወደ ጎን ዞሯል፤ መታጠፊያው ጠፍጥፏል፣ ስነካው ይጮኻል።» (ከአዳማ)

ይህ በፋሻ የሚድን አይመስለኝም። ከመታጠፊያው ኋላ ያለው ጅማት ከቦታው ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ የማንጋኒዝና የኮሊን እጥረት ከሚያመጡት ነገሮች መካከል ናቸው። ትኩስ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ጅማቱን ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል፤ ከቆየ ግን ያስቸግራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ይውሰዱት፣ በጉልበትም አይጎትቱት። እስከዚያው ሌሎቹ እንዳይረግጡት ይለዩት፤ ነገር ግን ድምፃቸውን ከሚሰማበት አያርቁት፤ ብቻውን የቀረ ጫጩት መብላት ሊያቆም ይችላል።