ለዘመቻ ለተሰለፋችሁ ወጣቶች፦ ከ«ላይክ» በኋላ ስለሚጠብቃችሁ ሥራ

ውድ ወጣቶች፣

በምርጫ ቅስቀሳና በሕዝባዊ ጥያቄዎች ማስተባበር ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ስጀምር መሣሪያችን የወረቀት ማባዣ፣ የቤት ስልክና ብርቱ እግር ነበር፤ ሥራውን ለተከታዮቼ ሳስረክብ ግን ይህ ሁሉ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን የምጽፍላችሁ የድሮው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። አይሻልም ነበር፤ እኛ ሳምንት ሙሉ ደክመን አንድ ሰፈር የምናዳርሰውን መልእክት እናንተ ከተቀመጣችሁበት ሳትነሡ አገር ታዳርሱበታላችሁ። የምሰጋው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ሰው ያገኝላችኋል እንጂ አያደራጅላችሁም፤ በማግኘትና በማደራጀት መካከል ያለውን ሥራ የሚሠራው የስም ዝርዝር ይዞ ስልክ የሚደውል ሰው ነው፤ ይህን ሰው ደግሞ ብዙ ዘመቻዎች ሳይመድቡት ይቀራሉ።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ በአሜሪካዋ የሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ በታሰረችበት ሌሊት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት ከአንድ የሥራ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሆና እስኪነጋ ድረስ ጥቁሮች በአውቶቡስ ባለመሳፈር እንዲያድሙ የሚጠራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አባዛች። ዛሬ ያ ሥራ የአንድ ደቂቃ ነው። ወረቀቱን በማግስቱ ወደየሰፈሩ ያደረሰው ግን እርሷ የምትመራውና ቀደም ብሎ የተደራጀው የሴቶች ማኅበር ነበር፤ አድማው 381 ቀናት ሊዘልቅ የቻለውም ሠራተኞችን ጠዋትና ማታ የሚያመላልሱ መኪኖች፣ የታወቁ መሳፈሪያ ቦታዎችና የነዳጅ መዋጮ ስለነበሩ፣ ማን ማንን እንደሚያሳፍር በየቀኑ የሚመድቡ ሰዎችም ስላልጠፉ ነው። እኔ ስለ ዘመቻ ሳስብ ከበራሪ ወረቀቱ ይልቅ የመኪኖቹ ምደባ ይመጣብኛል።

ኢንተርኔት ለቅስቀሳ መዋል በጀመረበት ዘመን የሆነውንም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2003 የቨርሞንት ግዛት የቀድሞ አገረ ገዥ ሃዋርድ ዲን ለፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን ሲወዳደር፣ ደጋፊዎቹ ሚትአፕ በተባለው ድረ ገጽ እየተጠራሩ በየከተማው ይገናኙ ነበር፤ በኢንተርኔት በሚሰበሰብ አነስተኛ መዋጮም ከተፎካካሪዎቹ የላቀ ገንዘብ አገኘ። በአዮዋ ግዛት ድምፅ ሊሰጥ ሲቃረብ 3,500 ያህል በጎ ፈቃደኞች ከየአቅጣጫው መጥተው፣ ብርቱካናማ ኮፍያ አድርገው ቤት ለቤት ቀሰቀሱ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 ውጤቱ ሲነገር ዲን ሦስተኛ ወጣ። ለሽንፈቱ ብዙ ምክንያት ይቀርባል፤ የእኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ ኮፍያው ላይ ያርፋል። በር የሚያንኳኳው ጎረቤት ሲሆን የቤቱ ባለቤት ስሙን ጠርቶ ይከፍትለታል፤ ባለ ኮፍያ እንግዳ ሲሆን ደግሞ በጨዋነት አዳምጦ ይሸኘዋል። ስለዚህ በገጻችሁ ላይ አንድ ሰው ፈቃደኝነቱን ሲገልጽ ከሁሉ አስቀድማችሁ የት ሰፈር እንደሚኖር ጠይቁት፤ በሚኖርበት ሰፈርም አሰማሩት።

የጥያቄው አቀራረብ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ይወስናል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለስብሰባ በገጻችን ላይ «እመጣለሁ» የሚለውን የተጫኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አምኜ ትልቅ አዳራሽ ተከራየሁ፤ በቀኑ የመጡት ግን ሩቡን እንኳ አልሞሉትም። ለቀጣዩ ስብሰባ ስድስት ሰዎች ሆነን ዝርዝሩን ተከፋፍለን ደወልን፤ ያነጋገርነው ሰው ጥቂት ነበር፤ እመጣለሁ ካለን ግን አብዛኛው መጣ። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ይህ ነው፦ ሰው በተመዘገበ በሁለት ቀን ውስጥ ይደወልለታል፤ ሲደወልለትም «ልታግዘን ትችላለህ?» ተብሎ ሳይሆን «ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል በሰፈርህ ከእገሊት ጋር በር ታንኳኳለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» ከተባለ በኋላ ይረሳል፤ ሁለተኛው ግን ቀንና ቦታ ስላለው፣ የምትጠብቅ ሰውም ስላለችው፣ ለመቅረት ያሳፍራል። በኮሎምቢያ ኦስካር ሞራሌስ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ፋርክ የተባለውን ታጣቂ ቡድን በመቃወም በፌስቡክ የከፈተው ቡድን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ሊያወጣ የቻለው ለተቀላቀለው ሁሉ አንድ ግልጽ ጥያቄና አንድ የተቆረጠ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 4ን፣ ስለሰጠ ይመስለኛል።

በፊርማ ማሰባሰብም ነገሩ ያው ነው። ፊርማ ከመለመናችሁ በፊት መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ማን እንደሆነ፣ ግዴታውም በስንት ፊርማ እንደሚጀምር አጣሩ። የብሪታንያ ፓርላማ ድረ ገጽ ለምሳሌ ደንቡን በግልጽ አስቀምጧል፤ 10,000 ፊርማ ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጣል፣ 100,000 ሲደርስ ጉዳዩ ለክርክር እንዲቀርብ ይታሰብበታል። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች ጥያቄ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ በ7 አባል አገራት ለየአገሩ የተወሰነው ቁጥር መሟላት አለበት። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ቦታ ፊርማው ጠቃሚነቱ ለእናንተው ለራሳችሁ ነው፤ የደጋፊዎችን አድራሻ ያስገኝላችኋል፤ ነገር ግን ለዚያ ተግባር ልታውሉት መሆኑን ለፈራሚው አስቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተቴ ልምጣ። በአንድ ዘመቻ ለዓመታት ያሳደግነው ገጽ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተዘጋ፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ በቅጡ አላወቅሁትም፤ አቤቱታችን መልስ ያገኘውም ምርጫው ካለፈ በኋላ ነበር። ተከታዮቻችን ብዙ ነበሩ፤ ስልክ ቁጥራቸው ግን በእጃችን አልነበረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ አዲስ ተከታይ ስናሳድድ የነበሩንን ሳንይዝ ቀረን። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስም፣ ስልክና ኢሜይል በራሳችሁ ሰንጠረዥ መዝግቡ፤ ገጹን የሚያስተዳድሩት ከሁለት ያላነሱ ሰዎች ይሁኑ፤ ሁሉም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ መግቢያ) ይጠቀሙ። የኢንተርኔት መዘጋትም አለ። ግብፅ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 ዋዜማ ሌሊት ላይ ኢንተርኔት ስታቋርጥ መንግሥትን የሚቃወመው ሰልፈኛ በማግስቱ በብዛት የወጣው የት እና መቼ እንደሚገናኝ አስቀድሞ ስላወቀ ነበር። ስለዚህ የእናንተም ቀጠሮ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት በሰው ዘንድ ይኑር።

ይህን ያህል ያወደስኩት ዝርዝር ግን በሌላ እጅ ከገባ ሰው የሚያስጠቃ ሰነድ ነው። በዚህ ረገድ ወጣቶች ሲዘናጉ አያለሁ። የቴሌግራም ቡድን ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም፣ ድርጅቱም ጭምር፣ እንዳያነበው ተደርጎ) አይመሠጠርም፤ በመተግበሪያው ያለው «ሚስጥራዊ ውይይት» ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚሠራ ነው። የዋትስአፕ መልእክት እንዲህ ቢመሠጠርም በቡድኑ ያለ ሁሉ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያል፤ ሁለት መቶ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ደግሞ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ የሚል አስተባባሪ ካገኛችሁ ራሱን እያታለለ ነው። የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ፤ ያልጠየቃችሁት መረጃ አይሰረቅባችሁምና። የሰልፍ ፎቶግራፍ ከመለጠፋችሁ በፊት ፊቱ የሚታየውን ሰው አስፈቅዱ፤ ማስፈቀድ ካልቻላችሁ ፊቱን ሸፍኑ።

ስለ ሐሰተኛ ወሬ ብዙ አልልም፤ በሌሎች በበቂ ተነግሯችኋል። አንድ ጊዜ የሌላ ዓመት ፎቶግራፍ የዕለቱ ነው ብለን ለጥፈን ተቃዋሚዎቻችን ለአንድ ወር ያህል ከዚያ ሌላ እንዳይወራ አድርገውናል፤ የሚያናድደው ደግሞ የራሳችን እውነተኛ ፎቶግራፎች በአንዲት ልጅ ስልክ ውስጥ ተቀምጠው የጠየቃት አለመኖሩ ነው።

ዘመቻው ሲያልቅ፣ አሸንፋችሁም ይሁን ተሸንፋችሁ፣ በዝርዝሩ ላይ ላሉት አንድ ጊዜ ደውሉ። ውጤቱን ንገሯቸው፤ አመስግኗቸው፤ ስማቸው ለሚቀጥለው ሥራ እንዲቆይ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቋቸው። የፈቀዱትን አስቀሩ፤ የቀሩትን ከሰንጠረዡም፣ ከየስልካችሁም፣ አስተባባሪዎች ለየራሳቸው ካስቀመጡት ቅጂም አጥፉ።