የስቱዲዮ ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት

የድሬ ልጆች፣ ባንዳችሁን ይዛችሁ ውጭ ሄዳችሁ አልበም ልትቀዱ እንደሆነ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። "በዚህ ሙቀት ደግሞ ሮክ?" የሚሏችሁን ተዉአቸው፤ እኛንም ብለውናል።

ያኔ ቤዝ እጫወት ነበር። ወደ ድምፅ ቀረጻ ሥራ የገባሁት በኋላ ነው። ወደ ናይሮቢ ስንሄድ ስምንት ዘፈን አለን ብለን ነበር። አምስቱ መጨረሻቸው እንኳ አልተወሰነም። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ስንለማመድ ድራመራችን በዓይኑ ይጠቅሰኛል፣ እናቆማለን፣ አለቀ። ስቱዲዮ ውስጥ ግን እሱ አንድ ክፍል፣ እኔ ሌላ ክፍል። ጆሮው ላይ ክሊክ፣ ማለትም ምቱን እኩል እየቆጠረ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ተደረገለት። ከዚያ በፊት ክሊክ ሰምቶ አያውቅም። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ይሮጣል። ለካ ድሬ እያለን ሁላችንም አብረነው ስንሮጥ ኖረናል! ቀረጻውን የሚሠራው ኢንጂነር አልተቆጣም፤ ሰዓቱን ብቻ ያያል። ክፍያው በሰዓት ነው። ለአንድ ዘፈን ከበሮ ሁለት ቀን ሄደ።

አቦ፣ ክሊኩን የሚመታላችሁ ሜትሮኖም ስልካችሁ ላይ በነፃ አለ። ከዛሬ ጀምሩ። ልምምዳችሁን ቅዱና በማግስቱ ጠዋት ስሙት። ማታውኑ ከሰማችሁት ሁሉም ያምራል። ከበርጫ በኋላማ ምን የማያምር አለ!

ሌላው ቅኝት ነው። ድምፃዊያችን በአንቺሆዬ ያዜመውን ኢንጂነሩ ከኖታ የወጣ መስሎት በኮምፒውተር "አስተካከለው"። ዘፈኑ ሞተ። እኛም አፍረን ዝም አልን። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሲቀዳ የሚፈልገውን አውቆ ነው የገባው። ከእናንተም አንዱ ኢንጂነሩ አጠገብ ይቀመጥና "ይሄን አትንካው" ይበል።

ውሉንም ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማው ደራሲ፣ ተጫዋቹና የቅጂው ፕሮዲውሰር የየራሳቸው መብት አላቸው። ማን ምን እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። ስትመለሱም እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተቀዳበትን ፋይል በሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። እኛ ያለቀለትን ሲዲ ብቻ ይዘን መጣን። ያቺን አንቺሆዬ እንደገና ልስራት ብል በምን?

ብራችን ሲያልቅ የመጨረሻውን ዘፈን ያለ ክሊክ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን በአንድ ጊዜ ቀዳነው። አዝማቹ ላይ ከበሮው ይሮጣል፣ እኛም ከኋላው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሲዲው እስካሁን የምሰማው እሱን ብቻ ነው። እናንተ ግን ክሊኩን ተለማመዱ።