ሩሲያን የወረረውን የፈረንሳዩን የናፖሊዮንን ጦር የጨረሰው ብርድ ብቻ ነው ወይ ላልከው

ብርዱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 1812 ከ400,000 በላይ ወታደር የሩሲያ ድንበር የነበረውን ኒመን ወንዝን ተሻገረ። ሴፕቴምበር ላይ ሞስኮ የገባው 100,000 ገደማ ነው። ከፊሉ በየመንገዱ ለጥበቃ ቀርቷል። ብዙውን ግን በረዶ ሳይጥል ረሃብ፣ ታይፈስና ውጊያ ፈጅቶታል።

ለአዳማ ተማሪዎችህ በረዶውን ለማስረዳት ከፈረሱ ጀምር። የጋሪ ፈረስ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ሲንሸራተት አይተዋል። የፈረንሳዮቹ አብዛኞቹ ፈረሶች ለበረዶ የሚሆን ሹል ያለው የብረት ጫማ አልነበራቸውም። ዳገት ላይ ይወድቃሉ፣ መነሳት ያቅታቸዋል። የራበው ወታደር እዚያው ያርዳቸዋል። ፈረስ ሲያልቅ መድፉም ስንቁም መንገድ ላይ ቀረ።

ቀኖቹን ግን ተጠንቀቅ። የዚያን ዘመን የሩሲያ አቆጣጠር ከፈረንሳዮቹ 12 ቀን ወደኋላ ነው። እኔ ሳላጣራ ፈረንሳዮቹ ከሞስኮ የወጡበትን ኦክቶበር 19ን፣ በሩሲያው አቆጣጠር መሆኑን ሳልናገር፣ ኦክቶበር 7 ብዬ አስተምሬያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።